ራሽትራፓቲ ባቫን፦ ስለ ኒው ዴልሂው ቤተ መንግሥት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢትዮጵያ ወደ ዴልሂ የሚጓዘው ሰው አብዛኛው ለሕክምና ወይም ለትምህርት ነው። ሐኪሙ ለሳምንት ቀጠሮ ሲሰጥ ወይም ፈተና ሲያልቅ ባዶ ቀን ይገኛል። ያን ቀን ራሽትራፓቲ ባቫንን ለማየት ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስበናል። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራሽትራፓቲ ባቫን ምንድን ነው? ሰው ይኖርበታል?

በሂንዲ «የፕሬዚዳንት ቤት» ማለት ነው። የሕንድ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ሲሆን ዛሬ የሚኖሩበት ፕሬዚዳንት ድሮፓዲ ሙርሙ ናቸው። የተሠራው ግን ለሌላ ሰው ነበር፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሕንድን እንዲገዛለት ለሚልከው እንደራሴ። አራት ፎቅና 340 ክፍሎች አሉት። መተላለፊያዎቹ ብቻ ቢደመሩ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

የቆመ ሐውልት ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ቤት መሆኑን አይርሱ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ክልከላዎችና ድንገተኛ መዘጋቶች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው።

የእንግሊዞቹ ዋና ከተማ ካልካታ አልነበረችም ወይ?

ነበረች። የካልካታው ቤተ መንግሥት ከ1799 እስከ 1803 የተሠራ ሲሆን ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ የምዕራብ ቤንጋል ክፍለ ግዛት ገዥ ይኖርበታል። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዋና ከተማው ወደ ዴልሂ እንደሚዛወር ያስታወቀው በታኅሣሥ 12 ቀን 1911 ዴልሂ ላይ በተደረገው ታላቅ የንግሥ በዓል ላይ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የአዲሱን ከተማ የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ቤንጋል በፖለቲካ ተቃውሞ እየተናጠች ነበር፤ ዴልሂ ደግሞ ከእንግሊዞቹ በፊት ሕንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት መናገሻ ስለነበረች የእንግሊዝ አገዛዝ የእነሱ ወራሽ መስሎ እንዲታይ ተፈለገ።

መጀመሪያ የታሰበው ቦታ ከአሮጌው ከተማ በስተሰሜን ነበር። በኋላ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ራይሲና ኮረብታ ተዛወረ። ኮረብታው ባዶ አልነበረም። ራይሲናና ማልቻ የሚባሉ መንደሮች ነዋሪዎች መሬታቸው በአዋጅ ተወስዶ ተነሡ፤ ቁጥራቸው ወደ 300 ቤተሰብ ይገመታል። ቤቱን ስንጎበኝ እነዚህን ሰዎች ማስታወስ ይገባናል እንላለን፤ የኮረብታው ስም እስከ ዛሬ የእነሱ መንደር ስም ነው።

ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ እንደራሴዎቹ በስተሰሜን ባለ ጊዜያዊ መኖሪያ ነበር የሚቀመጡት። ያ ሕንፃ ዛሬ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የሚማሩ ልጆቻችን በደጁ ሲያልፉ ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ማን ሠራው? ስንት ጊዜና ገንዘብ ፈጀ?

ንድፉ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የኤድዊን ለትየንስ ነው። ፊት ለፊት ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ኖርዝ ብሎክንና ሳውዝ ብሎክን፣ የነደፈው ደግሞ ኸርበርት ቤከር ነው። የግንባታው ዋና መሐንዲስ ሂው ኪሊንግ ነበር። በእጃቸው ድንጋዩን የጠረቡትና ጡቡን የደረደሩት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሕንዳውያን ናቸው።

ሥራው 17 ዓመት ያህል ወስዶ በ1929 ተጠናቀቀ። መጀመሪያ የተያዘለት ግምት 400,000 ፓውንድ ነበር፤ ሲያልቅ 877,136 ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። በመሃሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገብቶበታል።

ወደ 700 ሚሊዮን ጡብና 85,000 ሜትር ኩብ ድንጋይ ገብቶበታል። ብረት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን የሚያክል ቤት የቆመው በዋናነት በግንቡ ውፍረትና በቅስቶቹ ጥንካሬ ነው። ከታች ቀይ፣ ከላይ ክሬም መልክ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ከራጃስታን በኩል የመጣ ነው። ረፋድ ላይ ክሬሙ ይነጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ማር መልክ ይለወጣል። ሁለቱንም ማየት ከቻሉ ይዩ።

ከሩቅ ጉልላቱ በደንብ ይታየኝ ነበር፤ እየቀረብኩ ስሄድ ግን ጠፋ። ለምን?

ዓይንዎ አላታለለዎትም። ይህ የንድፍ ስሕተት ነው፤ ለትየንስንና ቤከርን ለዓመታት ያኳረፈውም ይኸው ነው።

ኢንዲያ ጌት ከሚባለው የጦር መታሰቢያ ቅስት ተነሥተው በካርታቪያ ጎዳና ቀጥ ብለው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ መጀመሪያ ጉልላቱም ዓምዶቹም ከኮረብታው ላይ በግልጽ ይታያሉ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ብዙ ርቀት አብረውዎት ይጓዛሉ። ከዚያ ዳገቱ ሥር ካለው ቪጃይ ቾውክ ከሚባለው አደባባይ ሲደርሱ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ መሬት የሰመጠ ይመስላል፤ ዓምዶቹ ይጠፉና የጉልላቱ ጫፍ ብቻ ይቀራል። ዳገቱን ወጥተው በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ሲደርሱ ነው እንደገና ብቅ የሚለው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው አናት ላይ ብቻውን ሊቆም፣ መሥሪያ ቤቶቹ ከታች ሊሆኑ ነበር። ቤከር ግን መሥሪያ ቤቶቹም ከላይ፣ ከቤተ መንግሥቱ እኩል ይሁኑ አለ። ለእነሱ ቦታ ለመልቀቅ ቤተ መንግሥቱ ወደ 400 ያርድ፣ ማለትም ከ350 ሜትር በላይ፣ ወደ ኋላ ተገፋ። ሕንፃ ከዳገት ጠርዝ ወደ ኋላ ሲሸሽ ከሥር ሆኖ ቀና የሚለው ሰው የሚያየው ጠርዙን ብቻ ነው። ለትየንስ ይህን ልብ ሳይል በስምምነቱ ላይ ፈረመ። በኋላ ሲነቃ ዳገቱ ረዘም ተደርጎ ተቆፍሮ እንዲለሰልስ ተሟገተ፤ ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ውድቅ ሆነበት።

ስለዚህ ሙሉውን ለማየት ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ከሩቅ፣ ወደ ኢንዲያ ጌት ጠጋ ብሎ፣ ሌላው ዳገቱ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ አልፎ ካለው የብረት አጥር ፊት። ብዙ ሰው ፎቶ የሚነሣው ከመሃሉ ከቪጃይ ቾውክ ነው፤ ቤት ግን ፎቶው ላይ የለም።

አሠራሩ የአውሮፓ ነው ወይስ የሕንድ?

አጥንቱ የአውሮፓ፣ ቆዳው የሕንድ ነው ብንል እንቀርባለን። ለትየንስ ለሕንድ ሥነ ሕንፃ እምብዛም አክብሮት አልነበረውም፤ የሕንድ መልክ እንዲገባበት የጠየቁት እንደራሴው ሎርድ ሃርዲንግ ናቸው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ተለጣፊ አይመስልም። ጉልላቱን ከበው ያለውን አጥር መሰል ድንጋይ ያስተውሉ፦ ሳንቺ ላይ ካለው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የቡድሃ ሃይማኖት ስቱፓ (ጉብታ መሰል ቅዱስ ሕንፃ) የተወሰደ ነው። ሕንዶቹ ቻጃ የሚሉት ከግድግዳው ወጣ ያለ ቀጭን የድንጋይ ክንፍ ዙሪያውን ይሄዳል። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በበጋ ፀሐይን፣ በክረምት ዝናብን ከመስኮቱ ያርቃል። እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ ያለው ጥቁር የጥላ መስመር የሕንፃውን ወገብ እንደ መቀነት ያሥረዋል።

ወደ ዓምዶቹ ጠጋ ካሉ ደግሞ ራሳቸው ላይ በየማዕዘኑ ከድንጋይ የተጠረቡ ትናንሽ ደወሎች ተንጠልጥለው ያያሉ። ደወል ሲደወል ሥርወ መንግሥት ይወድቃል የሚል የቆየ አፈ ታሪክ ስለነበረ የማይደወል የድንጋይ ደወል ተደረገ ይባላል። አገዛዙ ግን የእንግሊዝ እንደራሴ በይፋ ከገባበት ከ1931 እስከ ነጻነት 16 ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

ግቢው መሃል ያለው ረጅም ዓምድስ?

የጃይፑር ዓምድ ይባላል። የጃይፑር ማሃራጃ ያበረከቱት ሲሆን ቁመቱ 44 ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ሎተስ አበባ፣ በላዩም ባለ ስድስት ጫፍ የመስታወት ኮከብ አለ።

ውስጥ ሲገባ ምን ይታያል?

ዋናው ከጉልላቱ በታች ያለው ክብ አዳራሽ ነው። በእንግሊዞቹ ጊዜ እንደራሴውና ባለቤቱ ጎን ለጎን በሁለት ዙፋን ይቀመጡበት ነበር። አሁን ለፕሬዚዳንቱ አንድ ወንበር አለ፤ ከኋላው ከጉፕታ ዘመን፣ ማለትም ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ የተቀረጸ የቡድሃ ሐውልት ቆሟል። ከ33 ሜትር ከፍታ ሁለት ቶን የሚመዝን የመስታወት መብራት ተንጠልጥሏል። ወለሉ በቀለም የተለያየ እብነ በረድ ነው። በነሐሴ 15 ቀን 1947 ጠዋት ጃዋሃርላል ኔሩና የመጀመሪያው የነጻ ሕንድ ካቢኔ ቃለ መሐላ የፈጸሙት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው አሾካ የሚባለው አዳራሽ ነው። የዳንስ አዳራሽ ሆኖ ስለተሠራ የእንጨት ወለሉ ከሥሩ ስፕሪንግ አለው። እዚህ ቀና ይበሉ፤ ጣሪያው በሙሉ ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው። መሃል ላይ የፋርሱ ንጉሥ ፋት አሊ ሻህ ከልጆቹ ጋር ነብር ሲያድን ይታያል። አስጎብኚው ቶሎ ስለሚያልፍ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ማየት ይሻላል።

ከመግቢያው ዓምዶች አጠገብ ያለውን የድንጋይ በሬም እንዳያልፉት። ራምፑርቫ ከሚባል ቦታ የተገኘ፣ ከንጉሥ አሾካ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሦስተኛው መቶ ዓመት የመጣ ነው። ከቤቱ ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እሱ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ግን የሚያየው ጉልላቱን ብቻ ነው።

ከነጻነት በኋላ ምን ተለወጠ?

አኗኗሩ። የመጀመሪያው ሕንዳዊ ገዥ ጄኔራል ራጃጎፓላቻሪ በ1948 ሲገቡ የእንደራሴውን መኝታ ቤት ለእኔ ይበዛል ብለው ጥቂት መለስተኛ ክፍሎችን መረጡ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንቶችም ያንኑ ተከትለዋል። የእንደራሴው ክፍሎች የውጭ አገር መሪዎች ማረፊያ ሆኑ። ራጄንድራ ፕራሳድ በጥር 26 ቀን 1950 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ቤቱ የአሁኑን ስም ያዘ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ሕንድን ሲጎበኙ አስተናጋጃቸው እኚሁ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገርም አለ። በ1931 መጀመሪያ ላይ ጋንዲ ከእንደራሴው ሎርድ ኧርዊን ጋር እዚህ ቤት ተቀምጠው ተደራደሩ፤ ስምምነቱ መጋቢት 5 ቀን ተፈረመ። አንድ በነጠላ የተጠቀለለ ሰው የዚህን ቤት ደረጃ ወጥቶ ከእንደራሴው ጋር በእኩል መቀመጡ ለንደን ላይ ዊንስተን ቸርችልን በአደባባይ አስቆጥቶታል። ደረጃዎቹን ሲያዩ ይህን ያስቡ።

እንዴት ነው የምመዘገበው?

በቤተ መንግሥቱ ይፋዊ የጉብኝት ድረ ገጽ ነው፤ ለዋናው ሕንፃ በር ላይ ሄዶ መግባት የለም። ጉብኝቱ የተከፋፈለ ነው፦ ዋናው ሕንፃ፣ ቤተ መዘክሩ፣ በወቅቱም የአትክልት ስፍራው። እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘገባል። ቀንና ሰዓት ይመርጣሉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም ልክ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሞላሉ። ለዋናው ሕንፃ የሚከፈለው ለሰው 50 ሩፒ ነው፤ ከመክፈልዎ በፊት ማያው ላይ የሚታየውን ያረጋግጡ። የአትክልት ስፍራው ነጻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰውን ያሰናክላል። የመጀመሪያው ስም ነው፤ እኛ በራሳችንና በአባታችን ስም እንጠራለን፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን የአያት ስም አለ። ሦስቱንም ይሙሉ። ሁለተኛው ፓስፖርት ነው፤ ለውጭ ዜጋ ዋናውን ማሳየት ግድ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል አያስገባም። ታካሚዎች ፓስፖርታቸውን ሆስፒታል ወይም ማረፊያ ቤት የሚተዉበት ጊዜ ስላለ ከዋዜማው ይውሰዱት።

የመግቢያ ፈቃዱ ላይ 10:30 ይላል። በኛ ስንት ሰዓት ነው?

ከጠዋቱ 4:30 ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም ሰው ያረፈደበት ነገር ነው። የሕንድ ሰዓት እንደ አውሮፓ ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ ከኢትዮጵያ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይቀድማል። ስልክዎ የዴልሂን ሰዓት መያዙን አይተው ከሚያነቡት ላይ 6 ይቀንሱ። የተመደበልዎት ሰዓት ካለፈ ወደሚቀጥለው ቡድን መግባት አይቻልም ብለው ይነሡ፤ ፍተሻውም ጊዜ ስለሚወስድ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሰኞ ዝግ ነው፤ የሕዝብ በዓላትም እንዲሁ።

ምን ይዤ ልገባ እችላለሁ?

ለአትክልት ስፍራው ስልክ፣ የእጅ ቦርሳ፣ የውሃ ጠርሙስና የሕፃን ጡጦ ይፈቀዳል። ካሜራና ምግብ አይፈቀድም። በዋናው ሕንፃ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። የጀርባ ሻንጣ ባይዙ ይሻላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከነማዘዣ ወረቀቱ ይያዝ።

የአትክልት ስፍራው መቼ ነው የሚከፈተው? የሙጋል ጋርደን የሚሉትስ የት ሄደ?

እሱው ነው። በጥር 2023 ስሙ አምሪት ኡድያን ተባለ። ዋናው ወቅት ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽም ተከፍቷል። እነዚህም በአውሮፓውያን ወራት ናቸው። ጽጌረዳውንና ቱሊፑን ለማየት የካቲትን ይምረጡ፤ መጋቢት ሲያልቅ ሙቀቱ አበባውን ያጠወልገዋል።

ስፍራው 15 ኤከር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሁለት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሁለት የውሃ ቦዮች ይተላለፋሉ፤ በሎተስ አበባ መልክ የተሠሩ ስድስት ፏፏቴዎች ውሃውን 12 ጫማ ያህል ወደ ላይ ይረጫሉ። የሣሩ ነገር ለብቻው ይገርማል፦ ዱብ የሚባለው ሣር መጀመሪያ ከካልካታ የመጣ ሲሆን፣ በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ አዲስ አፈር ይነሰነስበታል፤ መልሶ ለመልበስ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። እርጥብ መሬት ላይ ስለቆመ ተረከዝ ያለው ጫማ ይሰምጣል።

የአትክልት ስፍራው መግቢያ በር ቁጥር 35 ነው፤ የቤተ መዘክሩ ደግሞ 30። ግቢው ከ300 ኤከር በላይ ስለሆነ በር መሳሳት ማለት ረጅም መንገድ በእግር ማለት ነው።

የጥበቃ ቅያሬው ሥነ ሥርዓትስ?

ቅዳሜ ጠዋት በፊት ለፊቱ ግቢ ይካሄዳል፤ ሰዓቱ በበጋና በክረምት ስለሚለያይ ሲመዘገቡ ይዩት። ፈረሰኞቹ በ1773 ከተቋቋመው የክብር ዘብ ናቸው፤ በሕንድ ጦር ውስጥ ከሱ የቆየ የፈረሰኛ ክፍል የለም። ልጆች ይዘው ከሆነ ከአዳራሾቹ ይልቅ ይህንን ይወዱታል።

በምን ልሂድ?

በሜትሮ። የሚወርዱበት ጣቢያ ሴንትራል ሴክሬታሪያት ነው፤ ቢጫውና ሐምራዊው መስመር ይገናኙበታል። ከጉርጋዎን ወይም ከሳኬት ሆስፒታሎች አካባቢ፣ እንዲሁም ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሰው በቢጫው መስመር ሳይቀይር ይደርሳል። አትክልት ስፍራው በሚከፈትበት ወቅት ከጣቢያው 4ኛ በር እስከ በር 35 የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። እዚያ ኦቶ በሚሉት በኛው ባጃጅ ከሄዱ የቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን የበሩን ቁጥርም ለሾፌሩ ይንገሩት።

በጥር ግን ይጠንቀቁ። ለጥር 26ቱ የሪፐብሊክ ቀን ሰልፍ ከሳምንታት በፊት ልምምድ ስለሚጀመር መንገዶቹ ይዘጋሉ፤ ጭጋጉም ጉልላቱን ይሸፍናል።

አስታማሚ ነኝ፤ በሽተኛዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

የዋናው ሕንፃ ጉብኝት በቡድን ፍጥነት፣ በእግርና በደረጃ ነው፤ መሃል ላይ ልቀመጥ ማለት ያስቸግራል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ካለ የቀድሞው የፈረስ ጋጥና ጋራዥ ባለበት የተሠራው ቤተ መዘክር ይሻለዋል፤ በራስ አቅም ቀስ ተብሎ ይታያል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በነዚያ ወራት የመጀመሪያውን የጠዋት ሰዓት ይያዙ።

ፈቃድ ባላገኝ ወይም ድንገት ቢሰረዝስ?

የውጭ መሪ ሲመጣ ወይም አዲስ መንግሥት ቃለ መሐላ ሲፈጽም ጉብኝት ይሰረዛል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት በሚበሩበት ዋዜማ አይመዝገቡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ይተዉ። ካልሆነም ከኢንዲያ ጌት በኩል ከሰዓት በኋላ በእግር ይምጡ፤ ጉልላቱ ሲታይ፣ ሲሰምጥ፣ እንደገና ሲወጣ ያያሉ። ለዚህ ማንም ፈቃድ አይጠይቅዎትም።